ቱርቦ ፒካፕ አዲስ አበባ ውስጥ በሊትር ስንት ይሂድ?

የመጣልኝ ጥያቄ ይሄ ነው፦ «ጋሼ ሰላም ኖት? በፈረንጅ የ2017 ሃይሉክስ ደብል ጋቢና አለኝ፣ 2.4 ቱርቦ ናፍጣ፣ ማንዋል። ስገዛው ወረቀቱ በ100 ኪሎ ሜትር 7 ሊትር ገደማ ይላል፣ እኔ ግን ከፒያሳ ቦሌ ከቦሌ ሜክሲኮ እየተመላለስኩ በሊትር 8.5 ኪሎ ሜትር ነው ማገኘው። ሌላ ችግር የለበትም፣ አያጨስም፣ ዘይት አይቀንስም፣ ሞተሩም በጭራሽ አይሞቅም፣ የሙቀት ጌጁ ሁሌ ከሩብ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው ሚቆመው። መካኒኬ ቱርቦው ደክሟል ይቀየር አለኝ። ጎረቤቴ ቱርቦ የሌለው የድሮ ፋይቭ ኤል ሞተር ያለው መኪና አለው፣ የኔ ካንተ ያነሰ ነው ሚጠጣው ይለኛል። አሜሪካ ያለ የአክስቴ ልጅ ደሞ ቱርቦ ፒካፕ ወረቀት ላይ ነው እንጂ መንገድ ላይ አይቆጥብም አለኝ። ቱርቦው ነው ወይ ናፍጣዬን ሚበላው?»

ቱርቦውን እንዳትቀይር። ቢያንስ ይሄን አንብበህ እስክትጨርስ እንዳትቀይር፣ መካኒክህም ቅር አይበለው፣ ግን ጭስ የሌለው ዘይት የማይቀንስ ጉልበቱ ያልወረደ መኪና ላይ «ቱርቦ ደክሟል» ሲባል እኔ በሀያ ምናምን አመት የናፍጣ ስራዬ አንዴም እውነት ሆኖ አላየሁትም። ጥያቄህ ውስጥ ግን አንተ እንደ ጥሩ ነገር ቆጥረህ በመሀል ጣል ያደረካት አንዲት ነገር አለች፣ እኔን ያስቆመችኝ እሷ ናት፣ እመለስባታለሁ።

መጀመሪያ ቁጥሩን። በ100 ኪሎ ሜትር 7 ሊትር ማለት እኛ በለመድነው አቆጣጠር በሊትር 14 ኪሎ ሜትር ነው፣ ያንተ 8.5 ደሞ በ100 ኪሎ ሜትር 11.8 ሊትር ገደማ ይሆናል። ጎን ለጎን ሲታይ ያስደነግጣል፣ እውነትህን ነው፣ ሰው ማታ ማታ ታንከሬን እየቀዳ ነው እንዴ ያስብላል። ግን ያ 7 ሊትር ከየት እንደመጣ እንይ። መኪናው መንገድ ወጥቶ አይደለም የተለካው፣ ላብራቶሪ ውስጥ ጎማው የሚሽከረከር ብረት ላይ ተቀምጦ ነው። ኤንኢዲሲ የሚባለው የድሮው የአውሮፓ ፈተና ጠቅላላ 20 ደቂቃ አይሞላም፣ የሚሄደው 11 ኪሎ ሜትር ነው፣ አማካይ ፍጥነቱ በሰአት 34 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ኤሲ ጠፍቶ፣ ዳገት ሳይኖር፣ ከኋላ ክላክስ የሚያደርግብህ ታክሲ ሳይኖር። አይሲሲቲ የሚባለው የጥናት ተቋም የአውሮፓን የቤት መኪኖች እየተከታተለ ሲለካ በወረቀቱና በመንገዱ መሀል ያለው ልዩነት በ2001 ከ10 በመቶ በታች ነበር፣ በ2015 ግን 40 በመቶ አልፏል፣ መኪኖቹ ስለባሱ ሳይሆን አምራቾቹ ፈተናውን ማለፍ ስለተማሩ ነው፣ ተማሪ ሽምደዳ እንደሚለምደው ማለት ነው። ለዛ ነው ከ2017 ጀምሮ ደብልዩኤልቲፒ በሚባል ጠንከር ያለ ፈተና የቀየሩት። ጥናቱ ስለ ፒካፕ አይደለም፣ ቢሆንም ያንተን 7 ሊትር በ40 በመቶ ከፍ ብታደርገው 9.8 ሊትር ይመጣል፣ በሊትር 10 ኪሎ ሜትር ትንሽ አለፍ ያለ ማለት ነው፣ ያውም ለነሱ መንገድ። ስለዚ ያንተ እውነተኛ ጥያቄ ከ14 ወደ 8.5 ለምን ወረደ አይደለም፣ ከ10 ወደ 8.5 ለምን ወረደ ነው። ይሄ ደሞ በማንኪያ የሚሰፈር ነው።

በማንኪያ ስል ቀልድ አይደለም። መኪናህ ከነሹፌሩ ከነኮተቱ 2 ቶን ነው እንበል። 2 ቶን ብረት ከቆመበት አንስተህ በሰአት 50 ለማድረስ የሚያስፈልገውን ጉልበት ወደ ናፍጣ ስትቀይረው 15 ሚሊ ሊትር አካባቢ ይመጣል፣ ይቺ አንድ የሾርባ ማንኪያ ናት። ፍሬን ስትይዝ ያቺ ማንኪያ ወደ ሙቀት ተቀይራ በፍሬን ሸራህ በኩል ትሄዳለች፣ አትመለስም። ወደ 30 ብቻ ደርሰህ ከቆምክ ደሞ አንድ የሻይ ማንኪያ። አሁን ከፒያሳ ተነስተህ በቸርችል ወርደህ በብሄራዊ ቲያትር በስታዲየም መስቀል አደባባይን አልፈህ እስከ ቦሌ ድረስ ስንቴ እንደምትቆም አንድ ቀን ጎንህ የተቀመጠ ሰው አስቆጥር። እኔ እዚህ ለሂሳብ እንዲመቸን 10 ኪሎ ሜትር የከተማ መንገድ ልውሰድ፣ 25 ጊዜ ቆምክ፣ አስሩን ከ50፣ አስራ አምስቱን ከ30። የሾርባ ማንኪያዎቹ 150 ሚሊ ሊትር፣ የሻይ ማንኪያዎቹ 80 ገደማ፣ በድምሩ ወደ 230። ቆመህ ሞተሩ በሚኒሞ ሲሰራ ደሞ እንዲህ ያለ ሞተር በሰአት ከ0.6 እስከ 1 ሊትር ይወስዳል፣ ኤሲ ካለ ወደ ላይኛው ነው፣ 25 ደቂቃ በድምሩ ከቆምክ 330 ሚሊ ሊትር በለው። መሬቱ ሜዳ ቢሆንና ሳትቆም ብትሄድ ኖሮ 10 ኪሎ ሜትሩ 600 ሚሊ ሊትር ይበቃው ነበር። ደምረው፣ 1.16 ሊትር። ለ10 ኪሎ ሜትር። በሊትር 8.6።

አየህ፣ ያንተ ቁጥር ቁጭ አለ። ቱርቦውን ገና አልነካነውም።

ዳገቱን ደሞ ጨምርበት፣ ምክንያቱም እኛ ከተማ ሜዳ የሚባል የለም። ለ2 ቶን መኪና በየ100 ሜትሩ ከፍታ ወደ 160 ሚሊ ሊትር ናፍጣ ይሄዳል፣ ርቀቱ አጭርም ይሁን ረጅም ከፍታው ያው ከፍታ ነው። ጠዋት ከፒያሳ ወደ ለገሃር ስትወርድ የተሰጠህን ማታ በዛው ቸርችል ስትወጣ ትመልሳለህ፣ ግን እኩል አትመልስም፣ ምክንያቱም ስትወርድ ግማሹን ጉልበት በፍሬን ነው ያቃጠልከው። እዚህ ጋር አንድ ነገር ልንገርህ፣ ብዙ ሹፌር ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ማርሹን ሞርቶ ያደርጋል። ለድሮ መኪና ትንሽ ያስኬድ ይሆናል፣ ያንተ ላይ ግን ተቃራኒው ነው። ማርሽ ውስጥ ሆነህ እግርህን ከነዳጁ ስታነሳ ኮምፒውተሩ ናፍጣ የሚረጩትን ኢንጄክተሮች ሙሉ በሙሉ ይዘጋል፣ ጎማው ነው ሞተሩን የሚያዞረው፣ ፍጆታህ ዜሮ ነው። ሞርቶ ስታደርገው ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ በሚኒሞ መቃጠል አለበት። ማለትም ነዳጅ እየከፈልክ ፍሬንህን ታግላለህ። ተው።

አሁን ቱርቦው። ቱርቦ ምን እንደሚሰራ ብዙ ሰው ግማሹን ነው የሚያውቀው። ናፍጣ የሚረጨው ቱርቦው አይደለም፣ ኢንጄክተሩ ነው፣ ምን ያህል እንደሚረጭ የሚያዘው ደሞ ያንተ እግርና ኮምፒውተሩ ነው። ቱርቦ በማርሚታ በኩል ሊወጣ የነበረውን ትኩስ ጭስ ተጠቅሞ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ እየተሽከረከረ አየር ጠቅጥቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ንፋስ ማራገቢያ በለው። ከተማ ውስጥ በሁለተኛና በሶስተኛ ማርሽ በ1,400 ዙር ስትንፏቀቅ እሱ ብዙም ስራ የለውም፣ ዝም ብሎ ይዞራል። ስለዚ ትራፊክ ላይ ለምትጨርሰው ናፍጣ ቱርቦውን መክሰስ ማለት እንቅልፍ ላይ የነበረን ዘበኛ ድስቱን በላው እንደማለት ነው። ቱርቦ በእውነት ሲደክም ምልክቱ ሌላ ነው፣ አየር ስለሚያንስ ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ፣ ጉልበት ማጣት፣ ወይ የዘይት ማገጃው ሄዶ ሰማያዊ ጭስና ዘይት መጉደል፣ ወይ እንደ አምቡላንስ የሚያፏጭ ድምፅ። አንተ ደሞ አንዱም የለም ብለኸኛል።

ከፍታ ላይ ደሞ ቱርቦ ለኛ ባለውለታ ነው። አዲስ አበባ ከባህር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የአየሩ ግፊት ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ሲመጣ ሩቡን ጉልበቱን ጥሎ ነው የሚመጣው። ቱርቦ ያለው ትንሽ ፈጠን ብሎ ዞሮ አብዛኛውን ይተካልሃል። ይሄን ግፊት እኔ በደንብ የተማርኩት በኪሳራ ነው። ኮመን ሬል፣ ማለትም ናፍጣቸው በኮምፒውተር የሚታዘዝ መኪኖች በብዛት መምጣት የጀመሩ ሰሞን አንድ ፒካፕ ጉልበት የለውም ተብሎ መጣልኝ፣ ኮምፒውተር ሰካሁበት፣ ሞተሩን ሳላስነሳ ቁልፉን ብቻ ከፍቼ የማኒፎልድ፣ ማለትም ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ግፊት የሚያነበውን ሴንሰር አየሁ፣ 76 ኪሎ ፓስካል ይላል። ማንዋሉ ላይ ሞተር ሳይነሳ 101 መሆን አለበት ይላል። በቃ ሴንሰሩ ሞቷል አልኩና ከሶማሌ ተራ ሌላ አስመጥቼ ቀየርኩ። 76። ይሄኛውም ቻይና ነው ብዬ ተሳድቤ ኦሪጅናል የተባለ አስመጣሁ። 76። ከዛ አንድ ተለማማጅ ልጅ ነበረኝ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ጋሼ መጽሐፉ የተጻፈው ባህር ዳር ላይ ላለ ሰው ይሆናላ፣ እኛ እኮ እንጦጦ ስር ነን» አለኝ። ባህር ዳር ሲል ከተማዋን አይደለም፣ የባህር ዳርቻ ማለቱ ነው። ልጁ ልክ ነበር፣ እዚህ ጤነኛ ሴንሰር 76 ወይ 77 ነው የሚያነበው። ሁለቱ ሴንሰሮች እስከዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አሉ። ችግሩ ያኔ ምን ነበር? የቱርቦውን አየር ከሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር ወደ ሞተር የሚገባው የጎማ ቱቦ፣ ማኒኮቶው፣ ከስሩ በኩል ስንጥቅ ነበረው፣ ከላይ ሲታይ ደህና ነው፣ በእጅ ጎንበስ ብለህ ከስር ስትዳብሰው ጣትህ በዘይት ይረጥባል፣ ሞተሩን ሰው ሲያስጮኸው ደሞ እጅህ ላይ ፉፉ ይላል። አየሩ እዛ ጋር እየወጣ ቱርቦው በከንቱ ይለፋ ነበር።

ስለዚ መካኒክህ ቱርቦ ይቀየር ካለህ አንድ ነገር ጠይቀው፣ ግፊቱን ስንት አነበብከው በለው። ጫና ላይ፣ ማለትም ዳገት ላይ በሶስተኛ ማርሽ ነዳጅ ረግጠህ፣ ኮምፒውተሩ የጠየቀውና ቱርቦው የሰጠው ግፊት ጎን ለጎን ይታያል። ሁለቱ ከተቀራረቡ ቱርቦህ ጤነኛ ነው፣ ጉዳዩ አለቀ። ሳይለካ በጆሮ ብቻ ከሆነ የፈረደው፣ ሌላ ሰው ጋር ሂድ። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ሳይቃትት ሳያጨስ ከወጣልህ ደሞ ኮምፒውተርም ላያስፈልግህ ይችላል።

ጎረቤትህ። ፋይቭ ኤል እወደዋለሁ፣ በመዶሻና በፒንሳ የሚጠገን ሞተር ነው፣ ልጆቼን ያሳደግኩበት ሞተር ነው ማለት እችላለሁ። ግን ካንተ ያነሰ ይጠጣል የሚለውን አልቀበልም። እሱ 3.0 ሊትር ነው፣ ናፍጣው የሚረጨው ቀጥታ ፒስተኑ ላይ ሳይሆን ራሱን የቻለ ትንሽ ክፍል ውስጥ ነው፣ እዛ ክፍል ግድግዳ ላይ ብዙ ሙቀት ይባክናል። ያንተ ቀጥታ በከፍተኛ ግፊት ሲሊንደሩ ውስጥ ይረጫል፣ በዚህ ብቻ ከ10 እስከ 20 በመቶ ይሻላል። ታድያ ጎረቤትህ ለምን ያነሰ ይመስለዋል? አንደኛ፣ መኪናው ያንተን ያህል አይከብድም። ሁለተኛ፣ ልሩጥ ቢልም አይሮጥለትም፣ ሩብ ጉልበቱ ከፍታው ጋር ስለሄደ ከመብራት ሲነሳ እንደ ሽማግሌ ነው የሚነሳው፣ ያ ደሞ ሳይወድ በግዱ ቆጣቢ ሹፌር ያደርገዋል። አንተ ግን ከታች 1,600 ዙር አካባቢ ጀምሮ የሚጎትት ሞተር አለህ፣ ቀዳዳ ባየህ ቁጥር ትገባለህ፣ ከዛ 50 ሜትር ሄደህ ፍሬን። የሾርባ ማንኪያ። ሶስተኛ፣ ይቅርታ አድርግልኝና፣ ጎረቤትህ አልለካም። በብር ነው የሚለካው፣ «ይሄን ያህል ብር ሞልቼ ሳምንት ሄደልኝ» ነው የሚለው፣ በሳምንቱ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ ብትጠይቀው ቆጣሪው ከቆመ ሁለት አመቱ ሊሆን ይችላል።

የአክስትህ ልጅ ደሞ ልክ ነው፣ ግን የሚያወራው ስለ ሌላ እንስሳ ነው። እነሱ ጋር ቱርቦ ፒካፕ ሲባል በአብዛኛው ቤንዚን ነው፣ ፎርድ በ2011 ሞዴል ኤፍ 150 ላይ ኢኮቡስት ብሎ ባለ 3.5 ሊትር መንታ ቱርቦ ቤንዚን አስገባ፣ በ2015 ደሞ 2.7ቱን ጨመረ፣ ሀሳቡ ትልቁን ባለ ስምንት ሲሊንደር በትንሽ ሞተር መተካት ነው። ባዶውን በቀስታ ስትነዳው እውነትም እንደ ትንሽ ሞተር ይቆጥባል። ተጎታች ስትሰካበት ወይ ስትረግጠው ግን ቤንዚን ሞተር ቱርቦው ሲጠቀጥቀው በጣም ስለሚግል፣ ቫልቩና ቱርቦው እንዳይቀልጥ ኮምፒውተሩ ለማቀዝቀዣ ብሎ ትርፍ ቤንዚን ይረጫል፣ ሳይቃጠል የሚወጣ ቤንዚን ማለት ነው። ለዛ ነው እነሱ «ወይ ኢኮ ወይ ቡስት፣ ሁለቱን ባንዴ አታገኝም» እያሉ የሚቀልዱት። ናፍጣ እንዲህ አይነት ጣጣ የለበትም፣ ናፍጣ ሞተር ሁሌም ከሚያስፈልገው በላይ አየር ይዞ ነው የሚሰራው፣ ተጨማሪ አየር ሲያገኝ ጭራሽ ይቀዘቅዛል። ስለዚ ከአሜሪካ የሚመጣን የቱርቦ ምክር ናፍጣህ ላይ እንዳለ አትለጥፈው። በነገራችን ላይ የማይል በጋሎን ቁጥር ሲልክልህም ተጠንቀቅ፣ የአሜሪካ ጋሎን 3.785 ሊትር ነው፣ የእንግሊዝ 4.546፣ እንግሊዝ ሀገር ያለ ሰው 36 አገኘሁ ቢልህና አሜሪካ ያለው 30 ቢልህ ሁለቱም በሊትር 12.7 ኪሎ ሜትር ነው የሄዱት።

አሁን ወደዛች ነገር። «ሞተሩ በጭራሽ አይሞቅም፣ ጌጁ ከሩብ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው» ያልከው። ወንድሜ ይሄ ጥሩ ነገር አይደለም። ያንተ መኪና ጌጅ ሞተሩ ሲሞቅ መሀል አካባቢ መጥቶ መቆም አለበት፣ ሩብ ላይ ከቀረ ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ብርድ ላይ ነው የሚሰራው። እኔ እንደምጠረጥረው ካንተ በፊት የነበረው ሰው፣ ወይ የሱ መካኒክ፣ ተርሞስታቱን አውጥቶ ጥሎታል። እኛ ሀገር ይሄ በሽታ ነው፣ መኪና አንዴ ከሞቀ «ተርሞስታቱን አውጣው» ይባላል፣ አውጥተው ሲጥሉት መሞቁ ይቆማል፣ ሁሉም ይደሰታል። ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል፣ አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፣ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ካልያዘ ዳገት ላይ ቶሎ ያፈላል። ግን መፍትሄው ክዳኑን መቀየርና ኩላንት ማድረግ ነበር፣ ተርሞስታት መጣል አይደለም።

ተርሞስታት ማለት ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ወደ ራዲያተር የሚሄደውን ውሃ የሚዘጋ፣ 80 ዲግሪ አልፎ ሲሞቅ የሚከፍት በር ነው። በሩ ከሌለ ውሃው ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ በራዲያተር እየዞረ ይቀዘቅዛል፣ እኛ ደሞ ያለነው ጠዋት 8 እና 10 ዲግሪ በሚሆንበት ከተማ ነው፣ ከፒያሳ ሜክሲኮ ሄደህ ሞተር አጥፍተህ ሻይ ጠጥተህ ስትመለስ መኪናህ አንዴም ሳይሞቅ ቀኑ ያልቃል። ቀዝቃዛ ሞተር ዘይቱ ወፍራም ነው፣ ሰበቃው ይበዛል፣ ኮምፒውተሩም «ገና አልተነሳም ይሄ» ብሎ ሚኒሞውን ከፍ ያደርጋል፣ ናፍጣ ጨምሮ ይረጫል። ያንተ ነገር ላይ ይሄ ስንት እንደሚያስወጣህ ሳይለካ በቁጥር አልነግርህም፣ ግን ሌባ እየፈለግክ ከሆነ መጀመሪያ የምትይዘው እሱን ነው፣ ከቱርቦ ዋጋ ጋር ስታወዳድረው ደሞ የቁርስ ሂሳብ ነው። ሶማሌ ተራ ስትገዛ አሮጌውን ቁጥር ይዘህ ሂድ፣ አሮጌው ከሌለ የሞተሩን ኮድ ንገራቸው፣ «ይሄም ይሆናል» የሚሉህን አትውሰድ፣ የሚከፍትበት ዲግሪ ብረቱ ላይ ተቀርጿል፣ አንብበው። ጥርጣሬ ካለህ ቤት ወስደህ ድስት ውስጥ ውሃ አፍልተህ ክተተው፣ ሲከፈት ባይንህ ታየዋለህ። ባለቤትህ የማትፈልገው ድስት ቢሆን ይመረጣል።

ሌላው ጎማ ነው፣ ቶሎ ልበለው። መኪናው 265 በ65 በ17 ይዞ ከመጣና አንተ ወይ የድሮው ባለቤት ለግርማ ሞገስ 265 በ70 ካደረጋችሁበት የጎማው ዙሪያ በ3.4 በመቶ ጨምሯል፣ ቆጣሪህ ግን አያውቅም፣ ከሄድከው ያነሰ ነው የሚጽፈው። ያኔ 8.5 ያልከው እውነቱ 8.8 ነው፣ በነጻ አገኘህ ማለት ነው። በጂፒኤስ 20 ኪሎ ሜትር ሄደህ ከቆጣሪህ ጋር አመሳክረው። የንፋስ ልኩ በሹፌሩ በር ማእቀፍ ላይ ተለጥፏል፣ ጎሚስታው በእግሩ ረገጥ አድርጎ «ደህና ነው» ሲልህ እሺ አትበል። የአየር ፊልትሮውን ደሞ በኮምፕሬሰር ደጋግመህ አታስነፋው፣ ወረቀቱ ከተቀደደ አቧራው ቀጥታ የቱርቦውን ምላጭ ነው የሚላጨው፣ ያኔ መካኒክህ ያለው እውነት ይሆናል።

ቱርቦ የሚጠቅምህን ማየት ከፈለግክ ከከተማ ይዘኸው ውጣ። አዳማ ፈጣን መንገድ ጥሩ መለኪያ ነው፣ ግን አንዱን አቅጣጫ ብቻ ለክተህ እንዳትመጻደቅ። አዳማ ከ1,600 እስከ 1,700 ሜትር ላይ ናት፣ ማለትም ስትሄድ ወደ 700 ሜትር ትወርዳለህ፣ ስትመለስ ያንኑ 700 ሜትር ትወጣለህ፣ ለመመለሻው ብቻ ከፍታው ተጨማሪ 1.1 ሊትር ገደማ ያስወጣሃል። ሄደው ሲደርሱ «በሊትር 16 ሄደልኝ» የሚሉ ሰዎች ሲመለሱ ዝም የሚሉት ለዛ ነው። ደርሶ መልስ ለካ። ፍጥነቱን ደሞ እንደ ወንድም ልለምንህ፣ የንፋስ ግፊት በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚጨምረው፣ ከ90 ወደ 120 ስትል ለያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ንፋሱን ለመግፋት የሚወጣው ጉልበት በ78 በመቶ ይጨምራል፣ ፒካፕ ደሞ ቁመቱም ስፋቱም እንደ ቁምሳጥን ነው፣ ላዩ ላይ ባዶ ፖርቶ መጋላ ካለ ጭራሽ። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ መሆኑ ትንሽ ይረዳናል፣ ግን ለ120 አይበቃም።

አለካኩን አንዴ ልንገርህና ልጨርስ፣ ምክንያቱም 8.5 ያልከው ራሱ እንዴት እንደመጣ አልነገርከኝም፣ ዳሽቦርዱ ላይ የሚያሳየው ከሆነ እሱ ደሞ ባለቤቱን ማስደሰት የሚወድ ነገር ነው። አንድ ማደያ ምረጥ፣ አንድ ፓምፕ፣ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ። ናፍጣ አረፋ ስለሚሰራ ቀዳጁ ቀስ ብሎ ይሙላ፣ የመጀመሪያዋ ጠቅ ስትል ይቁም፣ «ትንሽ ልጨምርልህ» አይሰራም። ትሪፑን ዜሮ አድርግ። ግማሽ ታንከር በላይ ከሄደ በኋላ እዛው ፓምፕ ተመልሰህ በዛው መንገድ ሙላ፣ የሄድከውን ኪሎ ሜትር ለገባው ሊትር አካፍል። በቴሌብር ከከፈልክ ሂሳቡ ስልክህ ላይ አለ፣ ሊትሩን ግን ከፓምፑ ላይ ፎቶ አንሳ። ሰልፍ ላይ ሶስት ሰአት ከቆምክም ጻፈው፣ ሞተሩን ሳታጠፋ ወደፊት ስትንፏቀቅ የበላው እዛው ታንከር ውስጥ ነው የሚቆጠረው። አንድ ታንከር አያሳምንም፣ ሶስት ሙላ።

መጀመሪያ አሁን እንዳለ አንድ ታንከር ለካ። ከዛ ተርሞስታቱን አስገባ፣ ጌጁ መሀል መድረሱን እይ፣ ማኒኮቶዎቹን ከስር በእጅህ ዳብስ፣ ከዛ ሶስት ታንከር። 9ን ካለፈ መኪናህ ጤነኛ ነው፣ የቀረው የትራፊኩ ነው። ከ8 በታች ከወረደ ደሞ ኢንጄክተሮቹ ሳይረጩት ወደ ታንከር የሚመልሱትን ናፍጣ እንለካለን፣ ቁጥሮቹን ይዘህ ቅዳሜ ከሰአት ና።